ጥያቄ ቁጥር ሰባት

በአንዲት ደሴት ዳርቻ ባለችው በላ ሮሽ መንደር ውስጥ ኢዝሜይ ኖኤልን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። ትልቁም ትንሹም «ኤሊዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ካትበርት ነው፤ ያወጣውም ሊሰድባት ብሎ ነበር።

ኢዝሜይ ሃያ ስድስት ዓመቷ ላይ የምትሠራበት የካካዎ እርሻ ተዘጋ። የልጇ አባት ወደ ደቡብ፣ ወደ ነዳጅ ጉድጓዶቹ ሄዶ ሥራ እንደሚፈልግ ነግሯት ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። ኢዝሜይ ሁለት ወር ጠበቀችው። በሦስተኛው ወር የሦስት ዓመት ልጇን ጆስሊንን ለታላቅ እህቷ ለሊዮካዲያ አሳቀፈቻትና ከደሴት ደሴት ሽንኩርት፣ ሲሚንቶና ፍየል በምታመላልስ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች። በየሁለት ወሩ፣ አንዳንዴም በየሦስት ወሩ ብቅ ትላለች። ዱቄት፣ ጨው ዓሣ፣ ለልጅቷም ጫማ ይዛ ትመጣለች፤ ሁለት ቀን አድራ ትመለሳለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረች።

አንድ ቀን ጆንያዋን ተሸክማ ከባሕሩ ዳር ስትወጣ ካትበርት ከደጃፉ ሆኖ፣ «እንቁላሏን ቀብራ የምትጠፋው ኤሊ መጣች! መንገድ ልቀቁላት!» ብሎ ጮኸ። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ወንዶች በሳቅ ፈረሱ። ኢዝሜይ ጆንያውን መሬት አስቀመጠች፣ ገባች፣ አንድ ሩም አዘዘች፣ ቆማ ጨለጠችው።

«ልክ ብለሃል፣ ኤሊ ነኝ» አለችው። «ኤሊ ግን ዞራ ትመጣለች። አንተ ከዚች በርጩማ ተነሥተህ የት ደርሰህ ታውቃለህ?»

ሳቁ ወደ ካትበርት ዞረ። እሷም በማግስቱ ከጀልባዋ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም አምጥታ የሻንጣዋ ክዳን ላይ ትልቅ ኤሊ ሣለች። ከዚያ ወዲያ ስሙን ለስድብ የሚጠቀምበት ሰው ጣዕሙን አጣ።

መንደሩ ለሊዮካዲያም ስም አልነፈጋትም። በግቢዋ ባለው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በየዓመቱ አንዲት ሃሚንግበርድ ጎጆ ትሠራ ነበር፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ አየር ላይ ቆማ አበባ የምትመጥ፣ ወገቧ አዲስ የተወለወለ መዳብ የሚመስል ወፍ ናት። ሊዮካዲያም ከዚያ ግቢ ንቅንቅ ሳትል የእህቷን ልጅ ስላሳደገች «ሃሚንግበርዷ» አሏት። እሷ ግን አልወደደችውም።

«መቶ ኪሎ የምትመዝን ሃሚንግበርድ የት አገር አይታችኋል?» ትላለች። «ገመዱ ላይ ብቀመጥ የታሰረበት ግንድም ቤቱም አብሮኝ ይመጣል።»

ኢዝሜይ ጀልባዋን ትታ ለዘለቄታው ስትመለስ ጆስሊን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ሊዮካዲያን «ማማ» ትላታለች፤ እናቷን «ኢዝሜይ» ትላታለች። ኢዝሜይ ይህን አላረመችም። ከመንገዱ ማዶ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠርታ ተቀመጠች።

በዚያ ዘመን ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ድረስ ጀርባቸው እንደ ቆዳ የለሰለሰው ታላላቅ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ሊጥሉ አሸዋው ላይ ሲወጡ፣ ሰው ቆንጨራ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። ሥጋቸው ይበላል፤ ኢዝሜይም ልጅ ሆና በልታለች። ሲነጋ አሸዋው ላይ ተገልብጦ የቀረውን ሬሳ አንድ ሁለት ጊዜ ካየች በኋላ ግን የራሷን ቆንጨራ ይዛ ወረደች። የካትበርት ወንድም ልጅ ሊያልፋት ቢሞክር ቆንጨራዋን አሸዋው ላይ ሰካችና መሐል ቆመች።

«አንቺ ምን አገባሽ?» አላት።

«ዘመዶቼ ናቸው። ስሙን ያወጣልኝን አጎትህን ጠይቅ።»

መጀመሪያ ብቻዋን፣ ቀጥሎ ከሁለት፣ ከዚያም ከአምስት ሰው ጋር ጠበቀች። ዓመታት አለፉ፤ ቆንጨራው ቀረ፣ እንግዳ መምጣት ጀመረ። ኤሊ ለማየት ከዋና ከተማው በአውቶቡስ የሚመጣውን ሰው ባሕሩ ዳር አውርዳ የምታሳየውም፣ «መብራትህን አጥፋ፣ አፍህን ዝጋ፣ ከፊቷ አትቁም» የምትለውም ኢዝሜይ ነበረች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ታዲያ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከእንግዲህ ፈተና ያላለፈና ፈቃድ የሌለው ሰው እንግዳ ይዞ መውረድ አይችልም። ከደብዳቤው ጋር የሚጠና ትንሽ መጽሐፍም ነበረ።

ኢዝሜይ ትምህርት ቤት የተቀመጠችው አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ማንበቡን ግን በጀልባው ላይ የጭነት ዝርዝር ስታነብ አፍጥናዋለች። መጽሐፉን ከሊዮካዲያ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው አነበቡት። ገጽ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ስሚ ይሄን» አለች። «‹ሃሚንግበርድ ትንሽ፣ ፈጣንና ለልጆቿ የምታስብ እናት ናት። የባሕር ኤሊ ትልቅና ዘገምተኛ ስትሆን እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች።›»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ውሸት ነዋ!» ብላ እስክሪብቶ አንሥታ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው።

«ኢዝሜይ፣ የፈተና መጽሐፍ ነው እኮ። የሚጠይቁሽን መልሰሽ ነው የምታልፊው።»

«እያየሁት የማውቀውን ነገር አልዋሽም። ያውም በጽሑፍ!»

ፈተናው የተሰጠው በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ በሕፃናቱ ወንበር ላይ ነው። አሥራ ስምንት ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ጆስሊንም ከነሱ አንዷ ነበረች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ከምድጃ መላቀቅ ፈልጋ ነው ለፈተናው የተመዘገበችው። ሰባተኛው ጥያቄ፣ «ሃሚንግበርድንና የባሕር ኤሊን አወዳድር» የሚል ነበር፤ ነጥቡ ሃያ። ኢዝሜይ ሌሎቹን ጥያቄዎች በአንድ አንድ መስመር መለሰችና ለሰባተኛው አራት ገጽ ጻፈች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ይዞ የመጣው ፈታኝ ሚስተር ባልዴዮ ይባላል፤ ሸሚዙን አስተካክሎ የሚለብስ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ የደን ሠራተኛ ነው። ያለፉትን አሥራ ሰባት ሰዎች ስም ጠርቶ አጨበጨበላቸው። የካትበርት ወንድም ልጅ ሳይቀር አልፏል። ኢዝሜይ አላለፈችም። ማለፊያው ስድሳ ነው፣ እሷ ሃምሳ ሁለት አግኝታለች።

ከኋላ ሆና ተነሣች። «ሰባተኛው ላይ ስንት ሰጠኸኝ?»

«ሚስ ኖኤል፣ ይህን ብቻችንን ብንነጋገር አይሻልዎትም?»

«ስሜን ያልጠራኸው በሰው ፊት ነው። ስንት ሰጠኸኝ?»

«ዜሮ።»

«አንብበው።»

«አራት ገጽ ነው እኮ።»

«ጊዜ አለን።» ወደ ሰዉ ዞር አለች። «የሚቸኩል አለ?»

የሚቸኩል አልነበረም። ሊዮካዲያ ከበሩ ላይ፣ «አንብብላት እንጂ ልጄ፣ አፍህ ምን ሆነ?» አለች። ሚስተር ባልዴዮ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ሃሚንግበርድ አምስት ግራም አትሞላም። ኤሊዋ አራት መቶ ኪሎ ትመዝናለች። መጽሐፉ ኤሊ ዘገምተኛ ናት ይላል። የጻፈው ሰው ያያት አሸዋ ላይ ነው። እኔ ከጀልባ ላይ አይቻታለሁ። ሸራችን በነፋስ ተወጥሮ ሳለ ከጎናችን መጥታ ጥላን ሄዳለች። ሰውየውን ባሕር ውስጥ ጣሉትና ዘገምተኛው ማን እንደሆነ ይታያል።

«ሃሚንግበርድ ጎጆዋን በሸረሪት ድርና በጥጥ ትሠራለች። የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት እንቁላሎች ትጥላለች። ብቻዋን ትታቀፋለች፣ ብቻዋን ታበላለች። ጭልፊት ቢመጣ ዓይኑን ልትወጋ ትነሣለች። ጥሩ እናት ናት። እህቴ እንደሷ ናት።

«ኤሊዋ በኋላ እግሮቿ ትቆፍራለች፤ የምትቆፍረውን አታየውም። ሰማንያ ያህል እንቁላል ትጥልና ትደፍናለች። ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያለች ሌባ እውነተኛውን ቦታ እንዳያገኝ ሌላ ቦታ አሸዋ ትበትናለች። በአሥር ቀን ተመልሳ እንደገና ታደርገዋለች። ግድ የሌላት ብትሆን እንዲህ አትደክምም። እዚያው ልቀመጥ ብትል ፀሐይ ይገድላታል፤ ልጆቿም አይጠቀሙም። የምትበላው ባሕር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ትሄዳለች።

«ልዩነታቸው ይህ ነው። አንድ የሚሆኑበትም ነገር አለ፤ መጽሐፉ ዘሎታል። ሁለቱም ባል የላቸውም። ወንዱ ሃሚንግበርድ ጎጆው የት እንዳለ አያውቅም። ወንዱ ኤሊ ከእንቁላል ወጥቶ ባሕር ከገባ በኋላ እስኪሞት መሬት አይረግጥም። ስለ እነሱ የሚጠየቀው ጥያቄ ስንት ነጥብ ነው?»

ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው አጨበጨቡ። ካትበርት ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፋ። የሚስተር ባልዴዮ ጆሮ ቲማቲም መሰለ።

«ከዚህ ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው?» አለችው ኢዝሜይ።

«ውሸት... የለውም።»

«ታዲያ ዜሮው ምንድን ነው?»

«ከመልሱ ጋር አይገናኝም፣ ሚስ ኖኤል። ለእኔ የተሰጠኝ መልስ አለ፤ በሱ ነው የማርመው።»

«መልሱን አርመዋ!»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ሚስተር ባልዴዮ ሳቁ ሳይበዛበት አልቀረም፤ ጥሩ ሰው ቢሆንም ተደናግጦ የማይገባ ነገር አደረገ። ከወረቀቶቹ መካከል አንዱን መዞ፣ «ከዚሁ ክፍል ሙሉ ሃያ ያገኘም አለ። የራስዎ ልጅ ናት፣ ይስሙ» አለና አነበበ። «‹ሃሚንግበርድ ለልጆቿ የምታስብ እናት ናት። የባሕር ኤሊ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ወደ ኋላ አትመለከትም። አንድ ቀን ብታገኛቸው እንኳ ልጆቿ አያውቋትም፣ እሷም አታውቃቸውም።›»

ጆስሊን የሕፃናቱን ጠረጴዛ ትኩር ብላ ታያለች። ኢዝሜይ መጽሐፉን በቃሏ ታውቀዋለች፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እዚያ ውስጥ የሉም።

ባርኔጣዋን አነሣች። በልጇ በኩል ስታልፍ ቆም አለችና፣ «እጅ ጽሑፍሽ ያምራል» አለቻት። ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ኢዝሜይ አሸዋው ላይ ነበረች። አንዲት ኤሊ ዘግይታ ገና እየደፈነች ነው። ጆስሊን ጫማዋን በእጇ ይዛ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«መጽሐፉ ያለውን ነው የጻፍኩት» አለች ጆስሊን።

«የመጨረሻው የመጽሐፉ አይደለም።»

«አይደለም። የኔ ነው።» ጆስሊን አሸዋ ዘግና ለቀቀችው። «ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ኢዝሜይ።»

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ እኮ።»

«ጫማ ታመጪልኝ ነበር። ሁልጊዜ ይጠበኛል። እግሬ ምን ያህል እንዳደገ አታውቂም ነበራ። ጠበበኝ እንዳልል ደግሞ ትሄጃለሽ ብዬ እየፈራሁ አደርገዋለሁ።»

ኢዝሜይ ይህን አታውቅም ነበር። እጇ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ኤሊዋ በፊት እግሯ አሸዋ ስትበትን ፊታቸው ድረስ ይደርሳል።

«ይቅርታ ልትለኝ ነው ብለሽ ከመጣሽ አልልሽም» አለች። «ያ ቀን ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ እሄዳለሁ። እዚህ ብቀመጥ ሦስታችንም ከዛፍ በወረደ አንድ የዳቦ ፍሬ ነበር የምናድረው። ሄደች በዪኝ፤ ልክ ነሽ። እግሬን አልለካችም በዪኝ፤ እሱም ልክ ነው፣ ደግሞም ያሳፍረኛል። ግን ወደ ኋላ አላየችም አትበዪኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንገቴ የተጣመመው ወደዚህ ሲዞር ነው።»

ኤሊዋ ዞራ ወደ እነሱ ስትመጣ ከዓይኗ የሚወርደው ዝልግልግ ነገር በንጋቱ ብርሃን አብለጨለጨ።

«ታለቅሳለች» አለች ጆስሊን።

«አታለቅስም። ከባሕር የጠጣችውን ጨው ነው የምታስወጣው። እኔም አላለቅስም፤ ቁጭ ብለሽ እንዳትጠብቂ።»

ጆስሊን ሳትፈልግ ሳቀች። ኤሊዋ እውነተኛውን ጉድጓድ ትታ አምስት ሜትር ርቃ ሌላ ቦታ ላይ አሸዋውን ታተራምሰው ጀመር። ሁለቱም ባሕር እስክትገባ አብረው አዩዋት።

ሚስተር ባልዴዮ በተከታዩ ሳምንት የፈቃድ ባጆቹን አድሎ እንደጨረሰ፣ ኢዝሜይ ከአውቶቡስ የወረዱ ስምንት እንግዶች ከኋላዋ አሰልፋ ወደ ባሕሩ ስትወርድ አገኛት።

«ሚስ ኖኤል፣ እባክዎን፣ ፈቃድ የለዎትም» አላት።

«ይሄን አሸዋ ስጠብቅ አንተ የወተት ጥርስህን እየነቀልክ ነበር። ማን ፈቅዶልኝ ነበር ያኔ?»

«ሕግ ነው። ካልተመለሱ ሪፖርት ማድረጌ ነው። የሚመጣው ዓመት ይፈተኑ፣ እኔ ራሴ አስጠናዎታለሁ።»

«በሚመጣውም ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ያንኑ ነው የምጽፈው። ዕድሜ ይስጥህና ዜሮህን እየሰጠህ አብረን እናረጃለን።»

ሊዮካዲያ ጩኸቱን ሰምታ ዣንጥላዋን እንደ ዱላ ይዛ ወርዳለች። «እህቴን የሚነካት ማነው? እስቲ ጠጋ ይበል!» ትላለች፤ እንግዶቹ ይህም የጉብኝቱ አካል መስሏቸው ፎቶ ያነሣሉ።

በዚህ መሐል ጆስሊን የተሰጣትን ባጅ ከአንገቷ አውልቃ በሚስተር ባልዴዮ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የኔም መልስ ልክ አይደለም። ሃያውን መልስ።»

«እንዴት ልክ አይደለም? ሙሉ ነጥብ ነው እኮ!»

«መጽሐፉ ተሳስቷል። እኔም የጨመርኩት አለ፤ እሱም ተሳስቷል። እስክታስተካክሉት አልይዘውም።»

ሊዮካዲያ ዣንጥላውን ዝቅ አደረገች። «እኔ ነኝ ያሳደግኳት» አለች ለአንዱ እንግዳ፤ ጥቂት አሰበችና፣ «ከሷ ጋር» ብላ ወደ ኢዝሜይ ጠቆመች። ሁለት ሌሎች አስጎብኚዎችም ባጃቸውን መለሱ። የካትበርት ወንድም ልጅ አልመለሰም፤ እንዲያውም የሱ አንገት ላይ ያለው እንዳይነጠቅ በእጁ ሸፈነው።

ሚስተር ባልዴዮ ሪፖርት አደረገ፤ ኢዝሜይን ግን አልከሰሰም። አራቱን ገጾች ገልብጦ፣ «ስሕተት አላገኘሁበትም» የሚል ማስታወሻ ጨምሮ ለበላዮቹ ላከ። መልስ እስኪመጣ ወቅቱ አለቀ። ኢዝሜይ ያን ወቅት ሙሉ ያለ ፈቃድ ወረደች፤ ጆስሊንም ያለ ባጅ አብራት ወረደች። ያስቆማቸው የለም።

መልሱ የመጣው በኅዳር ነው። «ጥያቄ ቁጥር ሰባት ከሁሉም ተፈታኞች ተሰርዟል» ይላል። ውጤቱ ከሰማንያ እንደገና ተሰላ፣ ማለፊያውም ወደ አርባ ስምንት ወረደ፤ ኢዝሜይ ሃምሳ ሁለት፣ ጆስሊን ሃምሳ አራት። ሁለቱም አልፈዋል። መንደሩ ደስ አለው። ካትበርት በነጻ ሩም ቀዳላት፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ኢዝሜይ ሩሙን ጠጣች እንጂ አልተደሰተችም።

«ሰረዙት እንጂ ልክ ነሽ አላሉኝም» አለች። «መጽሐፉ ገጽ አሥራ አራት ላይ ያው ነው። ልጆች ያነቡታል።»

«አሁንስ ምን ልታደርጊ ነው?» አላት ካትበርት።

«እልክላቸዋለሁ።»

ላከችላቸውም። በየዓመቱ ጥር ሲገባ አራቱን ገጾች በአዲስ ወረቀት ገልብጣ፣ ከላይ «ጥያቄ ቁጥር ሰባት፣ መልስ» ብላ ጽፋ ወደ ፖስታ ቤት ትወስዳለች። ከመሥሪያ ቤቱ «ደርሶናል» የሚል ካርድ ይመጣል፤ ሌላ ምንም የለም። እሷ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ነገር ትጨምርበታለች፤ አንዴ ወንዶቹን የሚመለከተው ክፍል ብቻ ወደ ሙሉ ገጽ አደገ።

በአምስተኛው ዓመት ፖስታውን ልታሽግ ስትል ጆስሊን ከመንገዱ ማዶ ተሻግራ መጣች። በሁለቱም በኩል የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይዛለች።

«ይሄንንም አስገቢው» አለች።

«ምንድን ነው?»

«የኔ መልስ ነው። አሁን ያለኝ።»

ኢዝሜይ መነጽሯን ፍለጋ ኪሷን ዳበሰች። ጆስሊን ወረቀቱን አጥፋ በገዛ እጇ ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

«ላንቺ አልጻፍኩትም፣ ኢዝሜይ።»

«ልየው እንጂ! ፊደል ብትስቺስ? ስሜ ያለበት ፖስታ ነው!»

«ከሳትኩ ዜሮ ይስጡኝ» አለች ጆስሊን፤ የፖስታውን ክዳን ላሰችና በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ለጠፈችው።